ሰው የማያውቀን ቤት

ለንደን የሚኖር ሐበሻ ልጅ ሲያስመርቅ፣ ልደት ሲያከብር ወይም ከአገር ቤት እንግዳ ሲመጣበት የት እንደሚሄድ ያውቃል። ካሌዶኒያን ሮድ ወይም ሆርንሲ ሮድ ብቅ ቢል ክትፎው አለ፣ ሽሮው አለ፣ በረከቦት የሚቀርብ ቡና አለ። ችግሩ የሚመጣው በጸጥታ መነጋገር ሲያስፈልግ ነው። ሐበሻ ቤት ገብቶ በሹክሹክታ ማውራት አይቻልም። ባለቤቷ እናትህን ታውቃለች፤ በቀኝ በኩል የተቀመጠው ሰውዬ አብሮህ ያስቀድሳል፤ በግራ ያሉት ሴቶች ገና ስትገባ አብራህ የመጣችው ማን እንደሆነች ተጠያይቀው ጨርሰዋል። ቡናው ሦስተኛው ሳይወርድ ወሬው አገር ቤት ይደርሳል።

ስለዚህ ጉዳይ ያለበት ሰው ሌላ ቤት ይፈልጋል። ፍቺ ያሰበ፣ ሥራ ያጣ፣ ያበደረውን ገንዘብ የሚጠይቅ፣ የልጇን ነገር ሰምታ እንቅልፍ ያጣች እናት፣ እነዚህ ሁሉ የሚቀጣጠሩት ሰው የማያውቃቸው ቦታ ነው። ብዙ ጊዜ ምርጫው የታይ ምግብ ቤት ይሆናል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ቅመሙ ይፋጃል፣ ሩዙና ኑድሉ ሆድ ይሞላል፣ ዋጋው ከስቴክ ቤት ይቀላል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አስተናጋጁ «እናትህ እንዴት ናቸው?» አይልም።

ከዌስትፊልድ የገበያ ማዕከል አጠገብ፣ ዋይት ሲቲ ውስጥ ያለው ቤት ከእነዚህ አንዱ ነው። ቅዳሜ ማታ በሩ ላይ ሰልፍ አለ። ስም ተመዝግቦ ይጠበቃል፣ ከዚያ ከማያውቁት ሰው ጋር በአንድ ረጅም ጠረጴዛ ይቀመጣል። ይህ የጋራ ጠረጴዛ ለንደን ውስጥ እንግዳ ነገር መሆኑ ከቀረ ቆይቷል። ዋጋማማን እ.ኤ.አ. በ1992 የከፈተው የሆንግ ኮንግ ተወላጁ አለን ያው ሰዉን በረጃጅም አግዳሚ ጎን ለጎን አስቀምጦ የጃፓን ኑድል አበላ። በ1999 ደግሞ ሶሆ ውስጥ ቡሳባ የተባለውን የታይ ምግብ ቤት ሲከፍት በትልልቅ አራት ማዕዘን ጠረጴዛዎች ያንኑ አሠራር ይዞ ቀጠለ። ከእሱ በኋላ የመጡ ብዙዎች ተከተሉት።

ሐበሻ ይህን ጠረጴዛ ሲያይ መጀመሪያ የራሱ ይመስለዋል። አብሮ መብላት ከእኛ ወዲያ ለማን ነው? ቁጭ ሲል ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ መሆኑን ያያል። እኛ ሳህኑን የምንጋራው ከምናውቀው ሰው ጋር ነው፤ ከማናውቀው ጋር ጠረጴዛ እንኳ አንጋራም። እዚህ ጠረጴዛውን ከማንም ጋር ይጋሩታል፣ ሳህን ግን እያንዳንዱ የራሱን ይዞ አንገቱን ይደፋል። ክርኑ የሚነካህ ሰው ስለምን እንደምታለቅስ አይጠይቅህም። ምስጢር ላለው ሰው ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም።

*

ዋይት ሲቲ ስሙን ያገኘው ከነጭ ሕንጻዎች ነው። በ1908 የፈረንሳይና የእንግሊዝ ኤግዚቢሽን እዚህ ሲከፈት ድንኳኑም አዳራሹም ነጭ ስለነበር ሕዝቡ «ነጩ ከተማ» አለው። ከስምንት ሚሊዮን በላይ ሰው ጎበኘው። ከሚታዩት ነገሮች መካከል የሴኔጋል መንደር የሚባል ነበር፤ የአየርላንድ መንደርም ነበር። የለንደን ሰው ትኬት ቆርጦ ሌላ አገር ሰው እንዴት እንደሚኖር፣ እንዴት እንደሚሠራ ቆሞ ያይ ነበር። ኋላ በሠላሳዎቹ አካባቢው ላይ የተሠሩት የመኖሪያ ቤቶች መንገዶቻቸውን በዚያው መንፈስ ሰየሙ፤ አውስትራሊያ ሮድ፣ ካናዳ ዌይ፣ ሳውዝ አፍሪካ ሮድ፣ ኮመንዌልዝ አቬኑ።

በዚያው ዓመት ኦሎምፒኩም እዚሁ ሆነ። ሮም ልታዘጋጅ ተመርጣ ትታው ነው ለንደን የተረከበችው። ማራቶኑ ከዊንድሰር ቤተ መንግሥት ተነሥቶ ዋይት ሲቲ ስታዲየም የነገሥታቱ መቀመጫ ፊት እንዲያልቅ ሲለካ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ሆነ። በ1921 ይህ ርቀት ለዓለም ሁሉ ቋሚ ልክ ሆኖ ጸደቀ። አበበ ቢቂላ በ1960 በሮም ጎዳና በባዶ እግሩ የሮጠው ርቀት እንግዲህ የተለካው እዚህ ሰፈር ነው። ስታዲየሙ በ1985 ፈርሷል።

በአበበ ዓመት፣ በ1960፣ ከዚህ ጥቂት እርምጃ ርቆ ዉድ ሌን ላይ የቢቢሲ ቴሌቪዥን ማዕከል ተከፈተ። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ማይክል በርክ ያወራው፣ ኬንያዊው ሞሐመድ አሚን የቀረጸው የኮረም ፊልም ለእንግሊዝ ሕዝብ የታየው በቢቢሲ ዜና ነው። ኮረም ያኔ ወሎ ክፍለ ሀገር ውስጥ ነበረች። ያ ፊልም ብዙ ሕይወት አትርፏል። ከዚያ ወዲህ ግን እንግሊዝ አገር የሚኖር ሐበሻ ስለ ምግብ ሲያወራ የሚሰማው ቀልድ አንድ ዓይነት ሆነ፤ «ኢትዮጵያ ውስጥ ምግብ አለ እንዴ?» የሚለው። ቀልዱን የሚናገረው ሰው ክፋት የለበትም። ከረሃቡ በኋላ የተወለደ ቢሆንም ከወላጆቹ ሳሎን ወርሶታል። ቢቢሲ በ2013 ማዕከሉን ለቅቆ ወጣ፤ ሕንጻው ዛሬ የመኖሪያ ቤትና የምግብ ቤት ሆኗል። የተራበ ሰው የታየበት ሰፈር ዛሬ ሰው ለመብላት የሚሰለፍበት ነው።

*

አንድ የመጋቢት ቅዳሜ ማታ ከተሰለፉት መካከል ሁለት የደሴ ልጆች ነበሩ፤ እህትና ወንድም። እሷ ታላቅ ናት፤ ምዕራብ ለንደን ውስጥ በሚገኝ የአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች። እሱ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። አንድ ከተማ ውስጥ እየኖሩ ለሦስት ዓመት ያህል በበዓል ቀን በስልክ «እንኳን አደረሰሽ»፣ «እንኳን አብሮ አደረሰን» ከመባባል ያለፈ ነገር በመካከላቸው አልነበረም።

የተጣሉበት ጉዳይ ቀላል አልነበረም። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ጦርነቱ ወደ ደሴ ሲጠጋ እህት እናታቸውን አዲስ አበባ እንዲገቡ ለመነቻቸው፤ መኪናም አዘጋጀችላቸው። ወንድም በተመሳሳይ ቀን ደውሎ «ቤትዎን ጥለው የትም አይሂዱ፤ ደሴ አትያዝም» አላቸው። እናት የልጃቸውን ሰሙ፤ የወንድ ልጃቸውን። በጥቅምት መጨረሻ ከተማይቱ በሕወሓት ኃይሎች ተያዘች፤ ስልክ ተቋረጠ። ኅዳር 27 መንግሥት ደሴንና ኮምቦልቻን መልሶ መያዙን እስኪያስታውቅ ድረስ ከአንድ ወር በላይ እናታቸው በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ የሚያውቅ አልነበረም። እህት በዚያ ወር የሌሎች ሰዎችን እናቶች እያጠበች፣ እያበላች፣ ክኒን እየሰጠች ዋለች። ስልኩ ሲከፈት እናት ደህና ነበሩ። በልጆቹ መካከል ያለው ግን ደህና አልነበረም።

አሁን ያገናኛቸው ሌላ ጉዳይ ነው። እናት ደረጃ ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሯል። ሐበሻ ቤት እንዳይገናኙ ሁለቱም ሳይነጋገሩ ተስማምተዋል። ቦታውን የመረጠው እሱ ነው፤ ከአውቶቡስ መጋዘኑ ሲወጣ አልፎ አልፎ የሚበላበት ነው። ሲቀጣጠሩ ሁዳዴ መሆኑን አላሰበበትም። እሱ መጾም ከተወ ቆይቷል።

*

የታይ ምግብ ቤት ዝርዝር ላይ ሁሉም የሚያውቀው ፓድ ታይ ነው። ስሙ «ታይ» ስለሚል ከጥንት ጀምሮ የነበረ የአገር ምግብ ይመስላል፤ ዕድሜው ግን ከመቶ ዓመት በታች ነው። ፊልድ ማርሻል ፒቡን ሶንግክራም በ1938 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ፤ በ1939 ሲያም ይባል የነበረውን አገር ታይላንድ አለው። ቀጥሎ ሕዝቡ እንዴት መልበስ፣ እንዴት ሰላምታ መስጠት፣ እንዴት መናገር እንዳለበት በተከታታይ ድንጋጌ አወጣ። በጦርነቱ ዘመን ሩዝ ሲወደድ፣ ጎርፍም ሲጨመርበት፣ ሕዝቡ ኑድል እንዲበላ ቀሰቀሰ። ፓድ ታይ ታዋቂ የሆነው በዚያ ዘመን ነው ይባላል። ነገሩን አስገራሚ የሚያደርገው አንድ አለ። የሩዝ ኑድል በብረት ድስት ላይ በኃይለኛ እሳት ማገላበጥ ቻይናውያን ስደተኞች ያመጡት ጥበብ ነው፤ የፒቡን መንግሥት ደግሞ ቻይናውያኑን የሚጫን መንግሥት ነበር። የስደተኛው ድስት የአገር ባንዲራ ሆነ።

ይህን ለመረዳት ሐበሻ ሩቅ መሄድ የለበትም። ፓስታና መኮረኒ ከጣልያን መጡ፤ ጣልያን ተባረረ፣ ፓስታው ቀረ። ዛሬ ፓስታ በእንጀራ የማይበላበት ከተማ የለም፤ በበርበሬ ቀይ ወጥ የተሠራ ፓስታ የጣልያን ነው ብሎ የሚያስብም የለም። ታይላንድና ኢትዮጵያ በዚህ ብቻ አይመሳሰሉም። ሁለቱም በቅኝ ግዛት ዘመን ነጻነታቸውን ያስጠበቁ፣ በዚያም የሚኮሩ ናቸው። ንጉሥ ቹላሎንግኮርን ለፈረንሳይና ለእንግሊዝ መሬት እየለቀቀ ዋናውን አገር አተረፈ፤ ምኒልክ ዓድዋ ላይ ተዋጋ። ሁለቱም አገሮች ለኮሪያ ጦርነት ወታደር ልከዋል።

ምግባቸው ወደ ውጭ የወጣበት መንገድ ግን ይለያያል። የታይላንድ መንግሥት በ2002 ገደማ በውጭ አገር የታይ ምግብ ቤቶችን ለማብዛት ዕቅድ አወጣ፤ ለምግብ ቤት ከፋቾች ብድር፣ ለወጥ ቤቶች ሥልጠና፣ ለጥሩዎቹ ምስክር ወረቀት ሰጠ። ምግቡ እንደ አምባሳደር በመንግሥት ተሹሞ ወጣ። የእኛ ምግብ የወጣው በስደተኛ ሴቶች ጓዝ ውስጥ ነው። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ካርቱምን፣ ሮምን፣ ዋሽንግተንን፣ ለንደንን የረገጡ ሴቶች በርበሬ በላስቲክ ቋጥረው ይዘው፣ ጤፍ ሲጠፋ በሌላ ዱቄት እየሞከሩ እንጀራ ጋገሩ። መንግሥት በ2006 ጤፍ በጥሬው ወደ ውጭ እንዳይወጣ ከለከለ፤ እንጀራው ግን በአውሮፕላን እየተጫነ ለንደን ይገባል። ለዚህ ነው የታይ ቤት ዋይት ሲቲ ዋናው መንገድ ላይ፣ የሐበሻ ቤት ደግሞ ኪራይ በሚረክስበት መንገድ ላይ የሚገኘው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

*

አስተናጋጁ መጣ። እህት ዝርዝሩን ገለባብጣ አስቀመጠችው። «እኔ ሻይ ብቻ» አለች። ወንድም ገባው። «ሁዳዴ ነው ለካ። እታለም፣ በሞትኩት፣ አላሰብኩትም።»

«ግድ የለም፤ አንተ ብላ።»

የታይ ምግብ ለጾመኛ ይመቻል ብሎ የሚያስብ ሰው ብዙ ነው። አትክልቱ አለ፣ ሩዙ አለ፣ ኮኮናቱ የወተት ቦታ ይሸፍናል። ወጥመዱ ያለው የማይታየው ላይ ነው። ናም ፕላ የሚባለው የዓሣ ፈሳሽ ሁሉም ውስጥ ይገባል፤ ትንንሽ ዓሣ በጨው ተጠቅጥቆ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ በበርሜል ከከረመ በኋላ የሚጠለል ቡናማ ጨዋማ ነገር ነው። እኛ ጋ ጨው የሚሠራውን ሥራ እነሱ ጋ እሱ ይሠራል። የቀዩና የአረንጓዴው ወጥ ድልህ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የተፈጨ ሽሪምፕ አለበት። ፓድ ታይ ላይ እንቁላል ይሰበርበታል። ዓሣ በጾም ይበላል፣ አይበላም የሚለው የእኛ ክርክር ያረጀ ነው፤ በሁዳዴ ግን ጠበቅ አድርጎ የሚጾም ሰው አይነካውም። ሐበሻ እናት ሽሮ ስትሠራ በጾም ድስትና በፍስክ ድስት ትለያለች። የማያውቁት ቤት ድስት ምን እንዳለበት በምን ይታወቃል?

ወንድም አስተናጋጁን መልሶ ጠራው። ከዝርዝሩ ላይ አንድ በአንድ እያሳየ ጠየቀ። ዓሣ ፈሳሽ አለው? ይሄኛውስ? ድልሁ ቤት ነው የሚሠራው ወይስ ተገዝቶ ነው? ያለ እንቁላል ይሆናል? የሚጠበስበት ድስት ታጥቦ ይሆናል? ልጁ አንዳንዱን አላወቀም፤ ወጥ ቤት ገብቶ ጠይቆ ተመለሰ። ከጎን የተቀመጡት ባልና ሚስት ሹካቸውን አስቀምጠው ሰሙ።

«አለርጂ ነው?» አለ አስተናጋጁ።

«አይ፣ ቪጋን ናት።»

እህት ሳቀች። በሦስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እሱ ፊት መሳቋ ነው። «ለሃምሳ አምስት ቀን» አለች በአማርኛ።

ለንደን ጾም የሚለውን ቃል ሰምታ የምትተረጉምበት ሌላ ቃል የላትም። ቪጋን የሆነ ሰው ለእንስሳቱ ወይም ለጤናው ብሎ ነው፤ የሁዳዴ ጾመኛ የሚከለከለውን ነገር ስለሚወደው ነው የሚተወው፤ ለፋሲካ ሊመለስበት። ቢሆንም ቃሉ ሥራውን ሠራ። ወጥ ቤቱ ቶፉና አትክልት የገባበት፣ በዓሣ ፈሳሽ ምትክ በአኩሪ አተር ፈሳሽ የተቀመመ ኑድል ለብቻ አዘጋጀ። ወንድም ለራሱ ምን እንደሚፈልግ ሲጠየቅ «ከሱ ሌላ አንድ የጾም ጨምር፤ መሐል አድርገው» አለ። ዶሮውን ተወው። ያን ሲል ወደ እህቱ አላየም፤ ምንጣፍ የሌለውን ወለል አየ።

ይህ ይቅርታ ነበር። እንደዚያ ተብሎ አልተጠራም፤ አማርኛም ወንድም ለታላቅ እህቱ በቀጥታ «ጥፋተኛ ነኝ» የሚልበት ብዙ መንገድ አይሰጥም። ሽማግሌ ይላካል፣ ድንጋይ ይሸከሙታል፣ በበዓል ቀን ይታረቃሉ። ሽማግሌ በሌለበት ከተማ ግን ምግብ ራሱ ይላካል።

*

ሳህኑ ሲመጣ ሽታው ቀደመ። ኑድሉ ላይ ለውዝ ተወቅጦ ተበትኗል፤ ሎሚ ተቆርጦ ጎኑ ተቀምጧል። ሁለተኛው ሳህን ላይ ቅጠሉ በሙቀቱ ጠውልጓል። እህት ጎንበስ ብላ አሸተተችና «በሶብላ!» አለች።

አልተሳሳተችም። የታይ በሶብላና የእኛ በሶብላ ዘመዳሞች ናቸው። እኛ አድርቀን በርበሬ ውስጥ እንከተዋለን፤ ቅቤ ስናነጥር እንጨምረዋለን፤ እነሱ ለጋውን ቅጠል ከእሳት ሊወርድ ሲል ይጥሉታል። የእነሱ ሾርባ ላይ የሚገባው ጋላንጋል የሚባለው ሥርም ከዝንጅብልና ከኮረሪማ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። በሁዳዴ ቅቤ የለም፣ ስለዚህ የበሶብላ ሽታ ለወር ከቤቷ ጠፍቶ ነበር። አንድ የታይ ሳህን ላይ አገኘችው። እናታቸው ደሴ ግቢው ውስጥ ከጤና አዳም ጎን በሶብላ ይተክሉ ነበር። ማንም አላነሳውም፤ ሁለቱም አሰቡት።

ወንድም የእንጨት መብያውን አነሳ፣ አስቀመጠው። ኑድልን በሁለት እንጨት መብላት ቻይናውያኑ ከኑድሉ ጋር ያመጡት ልማድ ነው፤ ታይ ሰው ሩዙን የሚበላው በማንኪያ ነው፣ ሹካው ምግቡን ወደ ማንኪያው መግፊያ ነው። ማንኪያና ሹካው ራሱ ከቤተ መንግሥት ወደ ሕዝቡ የወረደው በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጨረሻና ከዚያ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ሲያም በእጁ ይበላ ነበር። ይህን ማንም ጠረጴዛው ላይ አልተናገረም። እህት ግን ኑድሉን በሹካ ጠቅልላ፣ በእጇ ጫፉን ሰብስባ ወደ ወንድሟ አፍ ዘረጋች። ጉርሻ ለመስጠት ከኑድል የከፋ ምግብ የለም፤ ይንጠባጠባል፣ ይንሸራተታል። ግማሹ ሸሚዙ ላይ ወደቀ። ከጎን ያሉት ባልና ሚስት ዓይናቸውን ወደ ሳህናቸው መለሱ፤ የሆነ የግል ነገር እንዳዩ ገብቷቸዋል።

*

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩን ያነሱት።

እናታቸውን ለንደን ማምጣት የማይቻል ያህል ሆኗል። እንግሊዝ በሐምሌ 2012 ሕጉን አጥብቃለች፤ አረጋዊ ወላጅን ለማምጣት ወላጁ በዕድሜ ወይም በሕመም ምክንያት የሌላ ሰው የየዕለት እርዳታ የሚያስፈልገው መሆኑን፣ ያ እርዳታ ደግሞ በአገሩ በገንዘብም ቢሆን የማይገኝ መሆኑን ማስረዳት ያስፈልጋል። እህት ይህን ሕግ በቃሏ ታውቀዋለች። ችግሩ እሷ ራሷ ነች፤ ከለንደን በምትልከው ገንዘብ ደሴ ውስጥ ሠራተኛ መቅጠር ትችላለች። የመንግሥት ሰው የሚጠይቀው «ገንዘብ መላክ ከቻልሽ እዚያው አይታከሙም ወይ?» ብሎ ነው። በላከችው ቁጥር ማስረጃው በእሷ ላይ ይቆማል።

«ሥራዬ የሰው እናት መጦር ነው» አለች። «ሌሊት ሌሊት አንሶላ የምቀይርላቸው አሮጊት ስሜን አያውቁም፤ በልጃቸው ስም ይጠሩኛል። እሺ እላለሁ።»

ወንድም ዝም ብሎ ሰማ። ከዚያ ሦስት ወር ፈቃድ ያለ ደመወዝ መጠየቁን ነገራት። ደሴ ገብቶ አጥንቱ እስኪጠግን ከእናታቸው ጋር ሊቆይ፣ ደረጃው ላይ መደገፊያ ብረት ሊያሠራ፣ ታች ባለው ክፍል መታጠቢያ ሊያስገባ አስቧል። ከዚያ በኋላ ያለውን አያውቅም። የቤት ኪራዩን ማን እንደሚከፍለው አልወሰነም።

«ግማሹን እኔ» አለች።

«አልጠየቅኩሽም።»

«አልጠየቅከኝም፤ እየነገርኩህ ነው።»

ስለ 2014 ኅዳር የተናገሩት አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። «ያኔ እኔን ነው የሰሙት» አለ። እህት መልስ አልሰጠችም። ሳህኑን ወደ እሱ ገፋ አደረገችው፤ የቀረውን እንዲጨርስ።

በሩ ላይ ያለው ሰልፍ ረዝሞ ነበር። እንዲህ ዓይነት ቤት የሚተርፈው ጠረጴዛው ቶሎ ሲለቀቅ ነው፤ ኑድል በደቂቃዎች ይደርሳል፣ በደቂቃዎች ይበላል፣ ሒሳቡ ሳይጠራ ይመጣል። ቡና የለም፣ ሦስተኛ የለም። ሒሳቡ ሲመጣ የታወቀው ትግል ተጀመረ። እሱ ካርዱን ሲያወጣ እሷ እጁን ያዘች፤ «እኔ ልሙት» አለች፤ «እኔ ልሙትልሽ» አለ። አስተናጋጁ ማሽኑን ይዞ ቆመና «ለሁለት ልክፈለው?» ሲል ጠየቀ። ለንደን ውስጥ ይህ ትሕትና ነው። ለሐበሻ ደግሞ ገና የተገናኘን ነገር ለሁለት እንደመሰንጠቅ ነው። እሱ ቀደማት። እሷ በልጅነታቸው እንደምታደርገው ብሩን አጣጥፋ ኮቱ ኪስ ውስጥ ጣለችለት። ቤቱ እስኪገባ አያየውም።

*

ዉድ ሌን ላይ ነፋስ ነበር። ፊት ለፊታቸው የቀድሞው የቴሌቪዥን ማዕከል መስኮቶች በርተዋል፤ ውስጡ ሰው እራት ይበላል። ደሴ ሰዓቱ መሽቷል፤ እናት ግን ካልተደወለላቸው አይተኙም። እህት ስልኩን ከፈተችና ሁለቱም ፊት አንድ ስክሪን ላይ እንዲገባ ጠጋ አሉ። እናት ለጊዜው አልተናገሩም። ሁለቱን አንድ ላይ ካዩ ሦስት ዓመት አልፏል።

«በላችሁ?» አሉ በመጨረሻ።

«በላን፣ እማዬ።»

«ምን በላችሁ?»

ወንድም ለማስረዳት ሞከረ፤ ሩዝ ነው፣ እንደ ክር ሆኖ የተሠራ፣ የእስያ ሰዎች የሚበሉት። ኔትዎርኩ ይቆራረጣል። እህት ስልኩን ወሰደችው።

«ፓስታ ነው» አለች።

«የጾም ነው?»

«የጾም ነው፣ እማዬ። እሱም የጾም ነው የበላው።»